የክላስተር ሃርትቢትን አታፍኑት፤ የራሱን መስመር ስጡት

ደሴ ሂዱ፣ ኮምቦልቻ ውረዱ፣ ወልድያ ውጡ፤ የሰርቨር ክፍሉ ነገር አንድ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሁለት ሰርቨር ይገዛል። አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲረከብ ክላስተር ይደረጋሉ። ባለሙያው ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ይጭናል፣ ርክክብ ያስፈርማል፣ ይመለሳል። ሰርቨሮቹ ግን የተሰኩት ቢሮው ሁሉ በሚጠቀምበት ስዊች (የኔትወርክ ኬብሎቹን በሚያገናኘው ዕቃ) ላይ ነው። ሂሳብ ክፍሉ፣ መዝገብ ቤቱ፣ ፕሪንተሩ፣ የጣት አሻራ ማሽኑ፣ ዋይፋዩ፣ ሁሉም እዚያው ላይ ተደራርቧል።

ወር ሁለት ወር ቆይቶ “ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል” የሚል ስሞታ ይመጣል። አንድ ጎበዝ ልጅ በኔትወርኩ የሚያልፈውን የሚያሳየውን ዋየርሻርክ ከፍቶ ከሁለቱ ሰርቨሮች ያለማቋረጥ የሚወጣ ብሮድካስት (ለሁሉም የሚበተን መልእክት) ያያል። “አገኘሁት!” ይልና ስዊቹ ላይ ገብቶ ያንን ትራፊክ ይዘጋዋል። በሰከንዶች ውስጥ ሁለቱም ሰርቨሮች “ጓደኛዬ ሞቷል” ብለው ይደመድማሉ። ሁለቱም ዋና ነኝ ይላሉ። ትክክለኛው መከራ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ይህን የምጽፈው ያ ልጅ ከመዝጋቱ በፊት እንዲያነበው ነው። ያ ብሮድካስት ሃርትቢት፣ የክላስተሩ የልብ ምት ነው፤ አይዘጋም። ከሰው መንገድ ላይ ይነሳና የራሱ መስመር ይሰጠዋል። እንዴት እንደሚደረግ እኔ በምሠራበት መንገድ ላሳያችሁ።

ጉዳቱ የት ነው?

ሃርትቢት ክላስተር ውስጥ ያሉ ሰርቨሮች “አለሁ” የሚባባሉባት አጭር መልእክት ናት። አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ወይም በሁለት ሰከንድ አንዴ ትላካለች። ተከታትላ ከቀረች፣ ያኛው ወድቋል ተብሎ አገልግሎቱ ይወሰዳል።

በብሮድካስት ስትላክ ግን እንደ ዕድር ጡሩምባ ነች። ጥሪው ለአንድ ዕድር አባላት ቢሆንም ሰፈሩ በሙሉ ይነቃል። ሁሉም ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል፤ “የኛ አይደለም” ያለ ተመልሶ ይተኛል። ስዊቹም እንዲሁ ያደርጋል። የመድረሻ አድራሻው 48ቱም ቢት 1 የሆነ ፓኬት (የዳታ እሽግ) ሲመጣለት፣ ከመጣበት በስተቀር በሁሉም ፖርት ያወጣዋል። እያንዳንዱ ኔትወርክ ካርድ ተቀብሎ ለሲፒዩ ያቀብላል። ሲፒዩው አይቶ ይጥለዋል።

አሁን እናስላው። 25 ኖድ (የክላስተር አባል ሰርቨር) ያለው ላብራቶሪ አለ እንበል። እያንዳንዱ ኖድ በሰከንድ ሁለት ጊዜ 200 ባይት ይልካል። በሰከንድ 50 ፓኬት ሆነ፤ 80 ሺሕ ቢት ማለት ነው። በጊጋቢት መስመር ላይ ይህ ከአሥር ሺሕ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ “ሃርትቢቱ መስመሩን ሞላው” የሚላችሁ ሰው ካለ፣ በኬብል ስለተያያዘ ኔትወርክ እያወራ ከሆነ ተሳስቷል።

ዋይፋይ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። የዋይፋይ ማሰራጫው፣ አክሰስ ፖይንት፣ ብሮድካስት የሚልከው ደካማው መሣሪያም እንዲሰማው በዝቅተኛው ፍጥነት ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ፣ አሮጌዎቹ ፍጥነቶች ካልተዘጉ፣ ይህ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ነው። በዚህ ፍጥነት 200 ባይት 1.6 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። በፓኬቱ ፊት የሚላከው መግቢያ ሲጨመር ወደ 1.8 ይጠጋል። በሃምሳ አባዙት፤ ከእያንዳንዱ ሰከንድ 90 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይበላል። ከአየሩ ላይ 9 በመቶው ማንም የዋይፋይ ተጠቃሚ ለማይፈልገው መልእክት ሄደ ማለት ነው። ሦስት አክሰስ ፖይንት በአንድ ቻናል ላይ ከተደራረቡ ደግሞ ሦስቱም ያንኑ ይደጋግሙታል። “ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል” የሚለው ስሞታ ብዙ ጊዜ ከዋይፋይ በኩል የሚመጣው ለዚህ ነው። የስልክ ባትሪም ይጎዳል፤ የተኛው ስልክ ብሮድካስት ለመቀበል ይነቃልና።

ሌላው ጉዳት ክላስተሮች እርስ በርስ መሰማማታቸው ነው። ኪፕአላይቭድ የሚባለውን የመረካከቢያ ፕሮግራም የጫነ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ከናሙናው ኮንፊግ (የቅንብር ፋይል) ነው የሚቀዳው። ናሙናው ላይ የቨርቹዋል ራውተር መለያ ቁጥሩ፣ ማለትም አንዱ ጥንድ ከሌላው የሚለይበት ቁጥር፣ 51 ነው። አንድ ሰብኔት (አንድ የኔትወርክ ክፍል) ላይ ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያዩ ጥንዶች ሲጭኑ፣ ሁለቱም 51 ይሆናሉ። አንዱ የሌላውን መልእክት እየሰማ ሎጉን (የክስተት መዝገቡን) በስህተት ይሞላል። ባስ ካለም ዋና መሆን የነበረበት ሰርቨር የባዕዱን ድምፅ ሰምቶ ወደ ኋላ ይላል። ቁጥሩ ከ1 እስከ 255 ድረስ ይፈቅዳል። እባካችሁ 51ን ተዉትና ሌላ ምረጡ።

መጀመሪያ ለኩ

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ላፕቶፕ ይዛችሁ ስሞታ ያቀረበው ሰው ጠረጴዛ ጋ ሂዱ። ሰርቨር ክፍል ውስጥ መለካት አይጠቅምም። እኛ ማወቅ የምንፈልገው የት ድረስ እንደሚሰማ ነው። ከእሱ ሶኬት ላይ ተሰኩ፣ በዋየርሻርክ ወይም በቲሲፒደምፕ ብሮድካስትና መልቲካስት (ለአንድ ቡድን የሚላክ) ብቻ እንዲያሳያችሁ አጣሩ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይቅዳ።

ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቁ። ማን ይልካል? በየት ፖርት ቁጥር (የስዊቹ ሶኬት ሳይሆን የፕሮግራሙ መለያ)? በየስንት ጊዜው?

በዩዲፒ 694 የሚመጣ ከሆነ አሮጌው የሊኑክስ ሃርትቢት ፕሮግራም ነው። ዛሬ ቦታውን ለአዲሶቹ የክላስተር ፕሮግራሞች፣ ለኮሮሲንክና ለፔስሜከር ለቅቋል። ግን ማንም ያልነካቸው ሰርቨሮች ላይ እስካሁን ይሠራል። ዩዲፒ 5405 ካያችሁ ኮሮሲንክ ነው። ወደ 224.0.0.18 የሚሄድ፣ የአይፒ ፕሮቶኮል ቁጥሩ 112 የሆነ ከሆነ ቪአርአርፒ (ማን ዋና እንደሚሆን መወሰኛ ቋንቋ) ነው፤ ኪፕአላይቭድ ወይም ራውተሮቹ ናቸው። የዊንዶውስ ፌልኦቨር ክላስተር በዩዲፒ 3343 ነው የሚነጋገረው። ከ2008 እትም ጀምሮ ዩኒካስት (ለአንድ ተቀባይ ብቻ የሚላክ) ስለሆነ በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ሊታያችሁ አይገባም። ሥራን ለብዙ ሰርቨሮች የሚያከፋፍለው የማይክሮሶፍት ኤንኤልቢ ግን ሌላ ነው። ሃርትቢቱ አይፒ እንኳ የለውም፤ በራሱ የኤተርኔት ዓይነት በሰከንድ አንዴ ይወጣል። በዩኒካስት ሁነታ ሲሠራ ደግሞ ሆን ብሎ ስዊቹ ማክ አድራሻውን (የኔትወርክ ካርዱን መለያ) እንዳይማር ያደርጋል። ስለዚህ ከሃርትቢቱ አልፎ ወደ እሱ የሚመጣው የደንበኛ ትራፊክ ሁሉ በየፖርቱ ይፈስሳል። ኤንኤልቢ ካላችሁ ጥፋተኛው ምናልባት ሃርትቢቱ ሳይሆን ይኸው መፍሰስ ነው። መድኃኒቱ ግን አንድ ነው፤ በራሱ ቪላን (በዚያው ስዊች ላይ በቅንብር የሚለይ ኔትወርክ) ውስጥ ማስገባት።

ድግግሞሹን ልብ በሉ። ሃርትቢት እንደ ሰዓት ነው፤ ቲክ ቲክ ይላል። አንድ ዓይነት ፓኬት በሰከንድ በሺዎች የሚደጋገም ከሆነ ሉፕ (ትራፊኩ እየዞረ የሚመላለስበት ቀለበት) አለባችሁ። ከአንዱ ጠረጴዛ ሥር ያለች ትንሽ ስዊች ሁለቱ ጫፎቿ ግድግዳው ላይ ተሰክተዋል ማለት ነው። ኬብሉን ፈልጋችሁ ንቀሉ፤ ክላስተሩን አትንኩ። ከብሮድካስቱ አብዛኛው አርፕ (“ይህ አይፒ የማን ነው?” የሚል ጥሪ) ከሆነም ሃርትቢቱን ተዉት። ችግራችሁ የሰብኔቱ ስፋት ነው።

ሁለት ሰርቨር ብቻ ከሆኑ

እዚህ ላይ ብዙ መፈላሰፍ አያስፈልግም። ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው በቀጥታ አንድ ኬብል ዘርጉ። መሃል ላይ ስዊች የለም። ጊጋቢት ካርድ ከሆነ ተራው ኬብል ይበቃል፤ ካርዱ ራሱ ያስተካክለዋል። የድሮ 100 ሜጋቢት ካርድ ከሆነ ክሮስ ኬብል ሥሩ።

አድራሻውን ከቢሮው ሰብኔት ፍጹም የተለየ አድርጉ። ለምሳሌ 10.94.0.1 እና 10.94.0.2፣ ማስኩ 30 ቢት። በዚህ ማስክ ለመሣሪያ የሚሰጥ ሁለት አድራሻ ብቻ ነው ያለው፤ ሦስተኛ እንግዳ አይገባም። ጌትዌይ አትስጡት። ዲኤንኤስም አትስጡት። ዊንዶውስ ከሆነ ያንን ካርድ በዲኤንኤስ እንዳይመዘግብ ምልክቱን አንሱ። ይህን የረሳ ሰው ተጠቃሚዎቹ አንዳንዴ ወደማይደርሱበት አድራሻ እየተላኩ ሲመለሱ ምክንያቱን ፍለጋ ቀኑን ያጠፋል።

ቀጥሎ ሶፍትዌሩ በዚያ ካርድ እንዲናገር ንገሩት። በአሮጌው ሃርትቢት ኮንፊግ ውስጥ ብሮድካስት የሚለው መስመር የትኛውን ካርድ እንደሚጠራ እዩ። ዜሮ ቁጥር ካርዱን ከሆነ የሚጠራው፣ ቢሮው በሙሉ የሚሰማው ለዚያ ነው። ወደ አዲሱ ካርድ ለውጡት። በሁለቱም ሰርቨሮች ላይ።

ኬብሉን ስትዘረጉ ሁለት ነገር አደራ። ከቢሮው ኬብል ጋር በአንድ ላይ አስራችሁ አትዘርጉት። አንዱ በቀኝ ከወረደ ይኼ በግራ ይውረድ፤ አንድ ካርቶን ወድቆ ሁለቱንም እንዳይነቅል። ሁለተኛ፣ ካርዱ ሁለት ፖርት ያለው ከሆነ ሃርትቢቱንና ቢሮውን በአንዱ ካርድ ላይ አታድርጉ። ካርዱ ሲሞት ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ሁለቱም የኬብሉ ጫፍ ላይ “ሃርትቢት፣ አይነቀልም” ብላችሁ ጻፉ። በአማርኛ ጻፉት። ክፍሉን የሚከፍተው ሰው ሁልጊዜ የአይቲ ሰው አይደለም።

ከሁለት ሲበልጡ

ሦስት ኖድ ከሆኑ ወይም ሰርቨሮቹ በተለያየ ክፍል ካሉ ቪላን ያስፈልጋል። ቁጥሩ የፈለጋችሁት ይሁን፤ እኔ 94 እላለሁ። የሃርትቢት ካርዶቹ የተሰኩባቸውን ፖርቶች ብቻ ወደ 94 አስገቡ። በስዊቹ ላይ ለዚህ ቪላን አይፒ አትስጡ። አይፒ ከሌለው ማንም ወደዚያ ራውት አያደርግም።

ሰዎች የሚስቱት ትራንኩ፣ ማለትም የብዙ ቪላን ትራፊክ ይዞ ስዊችን ከስዊች የሚያገናኘው መስመር ላይ ነው። ብዙ ስዊቾች ላይ ትራንክ ሲፈጠር ሁሉንም ቪላን ያሳልፋል። ስለዚህ ቪላን 94ን ፈጥራችሁ “ለየሁት” ብትሉም ብሮድካስቱ በየትራንኩ እየሄደ ነው። ደሴ ውስጥ ከፒያሳው ቢሮ ወደ ሆጤው ቅርንጫፍ በሬዲዮ ሊንክ የተያያዘ መሥሪያ ቤት አስቡ። ሊንኩ ትራንክ ነው። ሆጤ ላይ አንድም የክላስተር ሰርቨር የለም። ሃርትቢቱ ግን በየሰከንዱ በአየር ላይ ሄዶ እዚያ ይሞታል። በየትራንኩ ላይ የሚፈቀዱትን ቪላኖች ቆጥራችሁ ጻፉ። 94 የሚያስፈልገው ሁለቱን ሰርቨር ክፍሎች በሚያገናኘው ትራንክ ላይ ብቻ ነው።

መሃል ላይ ማኔጅድ ያልሆነ (ቅንብር የማይቀበል) ርካሽ ስዊች ካለ ቪላኑን አትመኑት። እሱ ቪላን አያውቅም። ይነሳ።

ዩኒካስት ወይስ መልቲካስት

ለእኛ አገር መሥሪያ ቤቶች መልሴ አጭር ነው፦ ዩኒካስት። ክላስተራችን ሁለት ሦስት ኖድ ነው። አሮጌው ሃርትቢት በብሮድካስት ፈንታ የጓደኛውን አይፒ እየጠራ መላክ ይችላል። ኪፕአላይቭድም የእኩያዎቹን አድራሻ ከዘረዘራችሁለት መልቲካስቱን ይተዋል። ኮሮሲንክ ከ3ኛው እትም ጀምሮ ክኔት በሚባለው መጓጓዣ ነው የሚነሳው፤ እሱም ለእያንዳንዱ ኖድ ለየብቻው ይልካል። ዩኒካስት የሚከብደው ኖዱ ሲበዛ ነው። 16 ኖድ እያንዳንዱ ለ15ቱ ሲልክ በአንድ ዙር 240 ፓኬት ይሆናል። ሦስት ኖድ ግን 6 ብቻ ነው።

በመልቲካስት የግድ መሥራት ካለባችሁ፣ ሁለት ወጥመዶች አሉ። ሁለቱም ደጋግመው ሰው ይጥላሉ።

አንደኛው የአይጂኤምፒ ስኑፒንግ ነው። ስዊቹ መልቲካስቱን ለሚፈልጉት ፖርቶች ብቻ እንዲሰጥ ያደርጋል፤ ማለፊያ ነው። ግን “አሁንም ትፈልጋላችሁ?” እያለ የሚጠይቅ ኩዌሪየር በዚያ ቪላን ውስጥ መኖር አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚሠራው መልቲካስት ራውተሩ ነው። እኛ ደግሞ ቪላኑ አይፒም ራውተርም እንዳይኖረው አድርገናል። ጠያቂ ሲጠፋ ስዊቹ አባልነቱ ጊዜው አልፏል ብሎ ይሰርዛል። በመደበኛው አቆጣጠር ይህ 260 ሰከንድ ነው። ምልክቱን ካወቃችሁት መለየት ቀላል ነው፦ ክላስተሩ ሲነሳ ሰላም ነው፣ አራት ደቂቃ ከምናምን ቆይቶ ይፈርሳል። ሰርቨሩን ሪስታርት ስታደርጉ ደግሞ ይድናል፤ ከዚያ እንደገና በአራት ደቂቃው። እንዲህ ካያችሁ ሶፍትዌሩን አትመርምሩ። ስዊቹ ላይ ኩዌሪየሩን አብሩ።

ሁለተኛው የአድራሻ ምርጫ ነው። በአሮጌው ሃርትቢት ናሙና ላይ 225.0.0.1 ተጽፎ ታገኛላችሁ። የአይፒ መልቲካስት አድራሻ ወደ ማክ ሲቀየር የመጨረሻዎቹ 23 ቢቶች ብቻ ናቸው የሚወሰዱት። ስለዚህ 225.0.0.1 እና 224.0.0.1 አንድ ዓይነት ማክ ይሆናሉ። 224.0.0.1 ደግሞ ለሁሉም መሣሪያ የሚደርሰው ነው፤ ስዊቾች አያጣሩትም። መልቲካስት አደረግሁት ብላችሁ ብሮድካስት ሆኖ ቀረ። ከ239 የሚጀምር ምረጡ፤ 239.0.0 እና 239.128.0 ብለው የሚጀምሩትን ግን ተዉ፣ እነሱም እዚያው ማክ ላይ ይወድቃሉ። ለምሳሌ 239.94.1.1 ይሠራል።

የቪአርአርፒው 224.0.0.18ም ከማይጣሩት ወገን ነው። በስኑፒንግ አትገድቡትም። በቪላን ወይም በዩኒካስት ብቻ።

ስቶርም ኮንትሮል

ጠቃሚ ነው፤ ቦታውን ካወቀ። ስቶርም ኮንትሮል ብሮድካስት ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ የሚጥል ነው። ሃርትቢትን ከአርፕ፣ አርፕን ከሉፕ አይለይም። ገደቡ ሲታለፍ ሁሉንም ይጥላል። ስለዚህ በተጠቃሚ ፖርቶችና ወደ አክሰስ ፖይንት በሚሄዱት ላይ አድርጉት፤ ሉፕ የሚመጣው ከዚያ ነው። የክላስተር ፖርት ላይ ካደረጋችሁት ግን ማስጠንቀቂያ ብቻ ይላክ። ፖርቱን እንዲዘጋ በጭራሽ አትፍቀዱለት። አንድ የብሮድካስት አውሎ ነፋስ መጥቶ የሁለቱን ሰርቨሮች ፖርት ከዘጋ፣ ክላስተሩ ኔትወርኩ ሲረጋጋም አይመለስም።

ሃርትቢቱን ማዘግየትስ? ብዙ ሰው ትራፊክ ለመቀነስ ከ1 ሰከንድ ወደ 5 ያደርገዋል። ከላይ በኬብል ላይ ያሰላነውን አስታውሱ። የምታተርፉት ምንም ነው። የምትከፍሉት ግን አንድ ሰርቨር ሲሞት ዘግይቶ መታወቁን ነው። ሰዓቱን የምትነኩት ለትራፊክ አይደለም። ለመብራት ነው። እሱን ሰፋ አድርጌ ላውራ።

መብራት ሲጠፋ

ደሴ ላይ በክረምት ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍን መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ለክላስተር ከረጅሙ መጥፋት ይልቅ ይህች አጭሯ ትከፋለች።

እንዲህ ነው የሚሆነው። ሰርቨሮቹ ዩፒኤስ ላይ ናቸው። ለእነሱ ብዙ ብር ወጥቷልና። ስዊቹ ግን ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። “እሱማ ትንሽ ዕቃ ነው” ተብሎ። መብራቱ ለሁለት ሰከንድ ይጠፋና ይመለሳል። ሰርቨሮቹ አልተሰማቸውም። ስዊቹ ግን ሞቶ ተነሥቷል። እስኪነሣ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ተነሥቶም ሉፕን በሚከላከለው በአሮጌው ስፓኒንግ ትሪ እያንዳንዱ ፖርት 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ 15 ሰከንድ ይማራል፣ ከዚያ ነው የሚከፈተው።

ይህን ከክላስተሩ ትዕግሥት ጋር አስተያዩት። ቪአርአርፒ በሰከንድ አንዴ እየላከ ሦስት ከጎደለ፣ ማለትም ሦስት ሰከንድ ከምናምን ላይ፣ ይደመድማል። ዊንዶውስ 2016 በአንድ ሰብኔት ውስጥ እስከ 10 ሰከንድ ይታገሣል። ኮሮሲንክ በቀድሞ እትሞቹ 1 ሰከንድ፣ ከ3.1 ወዲህ 3 ሰከንድ ነው። ሁሉም ስዊቹ ሳይነሣ ፍርዱን ጨርሰዋል። ሁለት ሰርቨር፣ ሁለቱም በሕይወት፣ ሁለቱም ብቻዬን ነኝ የሚሉ። ስፕሊት ብሬን የምንለው ይህንን ነው።

አንድ ተቋም ውስጥ ይህ ደርሶ ተጠርቼ ሄጃለሁ። ካርድ ክፍል በሁለት መስኮት ነው የሚያስተናግዱት። የአንደኛዋ መስኮት ሠራተኛ ጠራችኝ። “ጋሼ፣ እዩት እስቲ። እኚህን እናት አሁን መዘገብኳቸው። እኔ ጋ አሉ፤ እሷ ጋ የሉም።” ሁለቱ ኮምፒውተሮች አንድ አይፒ ነው የሚጠሩት። ግን የአንደኛው አርፕ ወደ አንዱ ሰርቨር፣ የሌላው ወደ ሁለተኛው ይጠቁማል። ሁለት መስኮት፣ ሁለት ዳታቤዝ። እናትየዋ ነጠላቸውን አጣፍተው በትዕግሥት ቆመዋል። ከዚያ የሁለቱን ሰርቨሮች መዝገብ አትመን፣ ማስመሪያ ይዘን መስመር በመስመር አስተያየን። ሁለት ሰው አንድ የካርድ ቁጥር የተሰጣቸው ነበሩ። ያንን ማንም ፕሮግራም አያስታርቅላችሁም፤ ካርዱን አውጥቶ ሰውየውን ማግኘት ነው። ስለ ሃርትቢት እንዲህ የምንገበገበው ለዚህ ነው። ነገሩ የፓኬት ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ከማንኛውም ኮንፊግ በፊት ስዊቹን ዩፒኤስ ላይ ስኩት። ከሰርቨሮቹ ጋር በአንዱ ላይ። የሚፈጀው ኃይል ትንሽ ነው። በሰርቨር ፖርቶች ላይ ፖርትፋስትን አብሩ፤ ሰላሳውን ሰከንድ ይተዋል። ስዊቹ ፈጣኑን ስፓኒንግ ትሪ የሚችል ከሆነ ወደዚያ አሻግሩት።

ሁለተኛ መንገድ ይኑር። ሃርትቢቱን ወደ ብቸኛ ኬብል ስታዛውሩት ያ ኬብል የሁሉ ነገር መንጠልጠያ ሆነ። ዋናው በቀጥታው ኬብል ይሂድ፤ ተጠባባቂው በቢሮው ኔትወርክ፣ ግን በዩኒካስት። በክኔት እስከ 8 መስመር ማድረግ ይቻላል፤ ሁለት ይበቃናል። ቀጥታው ኬብል ቢኖር ኖሮ ከላይ ያለው ነገር አይደርስም ነበር፤ ስዊቹ ቢሞትም ሁለቱ ይሰማማሉና።

ሦስተኛ፣ ዳኛ ያስፈልጋል። ሁለት ሰው ሲጣላ አብላጫ የለም። በኮሮሲንክ ሦስተኛ ድምፅ የሚሰጥ ትንሽ ማሽን ማቆም ይቻላል፤ በቲሲፒ 5403 ነው የሚያዳምጠው። በዊንዶውስ የፋይል ሼር ምስክር አለ። ከባድ ማሽን አይጠይቅም፤ አሮጌ ዴስክቶፕም ይሠራል። ቅርንጫፍ ካላችሁ እዚያ አድርጉት። ሰርቨሮቹ ደሴ ከሆኑ ዳኛው ኮምቦልቻ ይቀመጥ። በሐረጎ ቁልቁለት በኩል ፋይበሩ ቢበጠስ እንኳ ሁለቱ ሰርቨሮች ከሦስት ድምፅ ሁለቱን ይዘዋልና ሥራው ይቀጥላል።

ዳኛውን ኮምቦልቻ አድርጉ አልኩ እንጂ ሃርትቢቱን በብሮድካስት ወደ ኮምቦልቻ ሳቡት አላልኩም። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ተብሎ ብሮድካስትንም በሚያሳልፍ በሌየር 2 ቱነል ሁለቱን ከተማ አንድ ሰብኔት የሚያደርጉ አሉ። የደሴ ሉፕ ኮምቦልቻን እንዲጥል መፍቀድ ነው። ኖድ እዚያ ካላችሁ በራውተር የሚያልፍ ዩኒካስት ይሁን፤ ትዕግሥቱም ይርዘም። ዊንዶውስ 2016 በተለያየ ሰብኔት ላሉ ኖዶች 20 ያመለጡ ምቶች ድረስ የሚጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

አራተኛ፣ ፌንሲንግ። የሚረከበው ሰርቨር የቀድሞውን በማኔጅመንት ፖርቱ (ሰርቨሩን ከሩቅ ማብሪያና ማጥፊያው) አጥፍቶ ነው መረከብ ያለበት። ይህ ካልተዋቀረ የጋራ ዳታ ያለበትን ክላስተር ለሥራ አትልቀቁ። የማኔጅመንት ኬብሉ ደግሞ ሃርትቢቱ ባለበት ስዊች ላይ አይሁን። ስዊቹ ሲሞት አጥፊውም አብሮ እጁ ይታሰራል።

ሙከራ

ነቅላችሁ ካልሞከራችሁት አልሠራችሁትም። በእኛ ዘንድ ከባልደረቦቼ ግማሹ ዓርብ ቀትር ጁምዓ፣ ግማሹ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉም ይገኛል፤ ቢሮውም ጭር ይላል። ባክአፕ ተወስዶ ካለቀ በኋላ ጀምሩ።

ቀጥታውን የሃርትቢት ኬብል ንቀሉ። አገልግሎቱ መነቃነቅ የለበትም፤ ሎጉ ላይ ብቻ አንድ መስመር ወድቋል ይበል። መልሱት፤ መመለሱም ሎግ ላይ ይታይ። ከዚያ የቢሮውን ስዊች ኃይል አጥፉ። ሁለቱም ሰርቨሮች አንዱ ዋና፣ አንዱ ተጠባባቂ እንደሆኑ መቆየት አለባቸው። ሁለቱም ዋና ከሆኑ እዚያው አቁሙና ወደ ኋላ ተመለሱ። በመጨረሻ ዋናውን ሰርቨር ኃይሉን ነቅላችሁ ተጠባባቂው ሲረከብ በሰዓት ያዙ። ኃይሉን ስትነቅሉ የማኔጅመንት ፖርቱም አብሮ ስለሚጠፋ ፌንሲንጉ “አላገኘሁትም” ብሎ ሊቆም ይችላል። ይህን ማወቅ ያለባችሁ ዛሬ ነው፤ ሌሊት ሲደርስ አይደለም።

ከዚያ ላፕቶፑን ይዛችሁ ወደዚያው የስሞታ ጠረጴዛ ተመለሱ። እንደ መጀመሪያው አሥር ደቂቃ ቅዱ። ከክላስተሩ ሰርቨሮች የሚመጣ አርፕ ጥቂት ይኖራል፤ ሃርትቢት ግን አንድም መታየት የለበትም። አንድ እንኳ ካያችሁ ያላጠራችሁት ትራንክ አለ። ዋይፋዩ ላይ ደግሞ 1 እና 2 ሜጋቢት የሚባሉትን አሮጌ ፍጥነቶች ዝጉ፤ የቀረው ብሮድካስትም ፈጥኖ ይወጣል።

አንድ ነገር ቀረ፤ ስዊቹ ላይ የሠራችሁትን ሴቭ አድርጉ። ቪላኑም፣ የትራንኩ ገደብም፣ ኩዌሪየሩም በሥራ ላይ ባለው ኮንፊግ ብቻ ከቀሩ፣ መብራት በጠፋ በነጋታው ሁሉም የለም። ሴቭ ካደረጋችሁ በኋላ ስዊቹን ራሳችሁ አጥፍታችሁ አብሩና ቪላን 94 ተመልሶ መምጣቱን እዩ። የኮንፊጉን ቅጂ በፍላሽ አውጡ። የትኛው ፖርት የትኛው ሰርቨር እንደሆነ፣ የሃርትቢት አድራሻዎቹን፣ የቨርቹዋል ራውተር ቁጥሩን በአንድ ወረቀት አትማችሁ በራኩ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፉ። ቀኑንም ጻፉበት።